የእድራችን ድንኳን አጋሮ የገባ ቀን

«መሄዱንስ ሂዱ። ግን እዚያ ማን ይቀብራችኋል?»

ይህን የጠየቁኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ የሰፈራችን እድር ዳኛ። ከጅማ ልንለቅ መሆኑን ልንነግራቸው እኔና እማዬ ቤታቸው ሄደን ነው። እማዬ የቀረበላትን ሻይ ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እኔ በሩን አያለሁ። ጥያቄውን ስሰማ ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

«ጋሼ፣ ልንኖር እኮ ነው የምንሄደው» አልኳቸው።

«እሱን ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።»

እውነት ለመናገር፣ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄም አልመሰለኝም። የዛን ሰሞን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ መሞት ሳይሆን ለቅዳሜ አይሱዙ ማግኘት ነበር።

እስቲ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዲግሪዬን ይዤ ቤት የተቀመጥኩ፣ ጎረቤት ሁሉ «ደህና አደርሽ» በማለት ፈንታ «ሥራ አገኘሽ?» የሚለኝ፣ ወረፋ የማልወድ፣ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ «እሺ፣ ከዛስ?» የምል ልጅ ነበርኩ። በመጨረሻ አጋሮ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የጥራት ክትትል ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰኞ ጀምሪ ተባልኩ።

ብቻዬን መሄድ እችል ነበር። ግን እማዬ አስም አለባት። የምንኖረው ሄርማታ፣ ከመርካቶ ጀርባ፣ አንድ ክፍልና አንድ ዕቃ ቤት ተከራይተን ነው። ግድግዳው ክረምት ከበጋ ያልበዋል። ዝናብ ሲመጣ እማዬ ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው፤ እኔ ደግሞ ትንፋሿን እየሰማሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ «ዋናው ግን ቤቱ ነው፣ ከዛ ቤት አውጪያት» ብሎኛል። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እና አጋሮ ሁለት ደረቅ ክፍል፣ ፀሐይ የሚገባው፣ አገኘሁ። ጉዳዬ ይሄ ብቻ ነበር፦ እማዬን ከዛ ግድግዳ አጠገብ ማንሳት።

እሷም «እሺ» አለች። ግን የእማዬን እሺ አውቀዋለሁ። እኔ ካርቶን ሞልቼ በፕላስተር ሳሽግ፣ እሷ ከኋላዬ ትፈታዋለች።

«እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጭልፋውን።»

«ጭልፋው ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«መኖሩን ላየው ብዬ ነው።»

እንደዚህ ሆነን ነው ቅዳሜ የደረሰው።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እማዬ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበረች። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረት፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ ሳህኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሁሉም እኛ ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲሞት መጥተው ያንኳኳሉ፣ ይወስዳሉ፣ ለቅሶው ሲያበቃ አጥበው ይመልሳሉ። እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ እዛው ነው። እንግዳ ሲበዛብን የታጠፈው ድንኳን ላይ ነበር የምተኛው። ልብስ የምናሰጣው በድንኳኑ ገመድ ነው። አዲሷ ጠባቂ ወይዘሮ ዘሀራ እሁድ ሰው ይዛ መጥታ ልትረከብ ተስማምተናል። እኛ ቅዳሜ የራሳችንን ጭነን እንሄዳለን፣ የእድሩ እዛው ዕቃ ቤት ይቆያል። ቀላል ነገር።

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው ገና ሳይቆም ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ማንንም አልጠራሁም። ጥቅምት ነው፣ ዝናቡ ወጥቷል ሲባል ተመልሶ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሁሉም ሰው ያዛል።

«ቡፌው ይቅደም!»

«ቡፌው አይቅደም፣ ከባዱ ነው ከሥር የሚሆነው!»

«አንተ ደግሞ መቼ ዕቃ ጭነህ ታውቃለህ? ሚስትህ አይደለች እንዴ የምትጭንህ!»

እኔ የቡፌው መስታወት እንዳይሰበር ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ። እማዬ የለችም። አጥሩን ተሻግራ ጋሽ ታዬ ጋ ገብታለች። ጋሽ ታዬ ጎረቤታችን ነው፤ ከታመመ ቆይቷል፣ ከአልጋ አይነሳም። ስንብት ይሆናል ብዬ ተውኳት።

ሰዉ ቤቱን ባዶ አደረገና ወደ ዕቃ ቤቱ ዞረ። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አወጡት። ሹፌሩ ነዚፍ ይባላል፤ ከኔ ብዙም የማይበልጥ፣ አፉ የማይዘጋ ልጅ ነው። ሰው የሚያካክሉትን ድስቶች ሲያይ «እህት፣ ሆቴል ነው እንዴ የምትከፍቱት?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም። የድንኳኑ ብረት አይሱዙው ወለል ላይ ተነጠፈ፣ ድስቶቹ ከሱ በላይ፣ የኛ ሳጥንና አልጋ ከነሱ በላይ። መጨረሻ ላይ ማካፋት ሲጀምር የነዚፍ ሸራ የተቀደደ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው አዘዙ።

«ድንኳኑን ከላይ ጣሉበትና ሸራውን ደርቡት። ፍራሻቸው ይበሰብሳል!»

ተጣለበት። በገመድ ተጠፈረ። ሃያ ሰው አየው፣ ሃያ ሰው ዝም አለ። ዝም አለ እንኳ አይባልም፤ ከዛ ቤት ከሚወጣ ዕቃ ድንኳኑ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? የኛ ነው የሚመስለው። ለኔም።

እማዬን ጠራኋት። ከጋሽ ታዬ ቤት ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው። ጋቢና ገብታ መሐል ተቀመጠች፣ እኔ በበሩ በኩል። ሴቶቹ በመስኮቱ እጃቸውን እያስገቡ ጨበጧት። ሄድን።

እስከ የቡ ከተማ ድረስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እንደያዘች ነች። ነዚፍ የቡና ወሬ ያወራል፤ አጋሮ ደርቆ የተከመረ ቡና እየጠበቀው እንደሆነ፣ እኛን ጣል አድርጎ እሱን እንደሚጭን። ዝናቡ እየበረታ ነው። እኔ በልቤ እየቆጠርኩ ነው፤ ይሄን ዳገት ካለፍን፣ ያንን ድልድይ ካለፍን እማዬ እንመለስ ብትል እንኳ አይመቻትም እያልኩ። ክፉ ልጅ አይደለሁም። ግን ትንፋሿ ዛሬም ያፏጫል፣ ጎኔ ሆና እየሰማሁት ነው።

የቡን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። ጋሽ መኩሪያ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ?»

«የቡን አለፍን ጋሼ፣ ደህና ነን።»

«ታዬ አረፈ» አሉኝ።

እማዬን አየኋት። አልሰማችም።

«መቼ?»

«እናንተ እንደወጣችሁ። ቀብሩ ከሰዓት ነው። እና… ዘሀራ ዕቃ ቤቱን ከፈተችው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባዶ ነው የኔ ልጅ። ድንኳኑ አብሯችሁ ነው እንዴ?»

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ኋላ አየሁ። ሸራው በንፋስ ተገልጧል። ከሥሩ የድንኳኑ አረንጓዴ ጫፍ ይውለበለባል፤ የእድራችን ስም በነጭ ቀለም የተጻፈበት በኩል። ስማችን በአጋሮ መንገድ እየበረረ ነው።

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ በሰው ሞት ላይ ሳቄ መጣ። «ራስዎ አይደሉም እንዴ ድንኳኑን ጣሉበት ያሉት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው እንደዛ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። «ሰዉ ዝናብ ላይ ቆሟል፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘጋሁና ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ መሞቱን። አላለቀሰችም። እጇን አየችው። «አሁን እኮ ይዞት ነበር» አለች። ከዛ ስለ ድንኳኑ ነገርኳት። ወደ ነዚፍ ዞረች።

«ልጄ፣ አዙር።»

«ማዘር፣ ወላሂ እዚህ አይዞርም። ግራና ቀኙ ጭቃ ነው፣ እንገለበጣለን።»

«እንግዲያው የሚዞርበት ስትደርስ አዙር።»

«እማዬ፣ አንዴ ስሚኝ» አልኩ። «አጋሮ ደርሰን ዕቃውን እናውርድ፣ ድንኳኑን በሌላ መኪና እንልካለን።»

«ለቅሶ ቤት ሰው ዝናብ እየመታው? በኔ እጅ ያለ ድንኳን በሌላ መኪና?»

«አንቺ አልጫንሽው!»

«በኔ ስም ነው የተቀመጠው። ታዬ እኮ አባትሽን የተሸከመ ሰው ነው፣ ሰላም ልጄ። እግሩ አብጦ ሳለ፣ አትችልም ተው ሲሉት አልለቅም ያለ ሰው ነው። አንቺ ያኔ ሴቶች መሐል ነበርሽ፣ አላየሽውም።»

ያኔ ከልቤ ያለውን አወጣሁት። እንደዚህ ነኝ፣ አልችልም መያዝ። «ከተመለስን አትወጪም እማዬ። ድንኳኑ ሰበብ ነው። እዛ ቁጭ ትያለሽ፣ ሠልስት፣ ከዛ ሰባት፣ ከዛ አርባ፤ ከዛ ግድግዳው ይገድልሻል። አውቅሻለሁ!»

ትክዳለች ብዬ ጠበቅኩ። መንገዱን አየች። መጥረጊያው ዝናቡን ይጠርጋል፣ ይመለሳል፣ ይጠርጋል።

«አዎ» አለች። «ከተመለስኩ የምወጣ አይመስለኝም።»

እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። የምከራከረው ሰው በአንድ ቃል አመነልኝ።

ነዚፍ መሪውን በመዳፉ መታ። «በቃ! ሁለታችሁም ዝም በሉልኝ። ሞልቶ የተጫነ መኪና ይዤ ጅማ አልመለስም፤ ድስቱም ብረቱም ከሥር ነው፣ እዛ ደርሼም መንገድ ላይ አራግፌ እንደገና ልጭን ነው? አጋሮ ቅርብ ነው። የናንተን እናውርድ። ድንኳኑንና ድስቱን ብቻ ይዤ እየበረርኩ እመልሳችኋለሁ። ቡናው ይጠብቀኝ፣ ምን ይሆናል።»

«ማን ያወርደዋል?» አልኩት።

ሲጫን የሰፈር ሰው ሁሉ ነበር፤ እንደዛም ሆኖ ጠዋቱን ሙሉ ፈጅቷል። አጋሮ የምናውቀው አንድም ሰው የለም። አከራያችን ራሱ የለም፣ ቁልፉን ግቢው ውስጥ ላሉ ሰዎች ሰጥቻለሁ ብሎኛል። ተሸካሚ እንፈልግ ቢባል በቡና ወቅት፣ በዝናብ፣ ማን ይገኛል? ሦስት ሰው፣ ያውም አንዷ አስም ያለባት። ሒሳቡን ስሠራው አመሻሹ ላይ ነው የምንጨርሰው። ጋሽ ታዬ እስከዛ ተቀብሯል። ስልኬ ደግሞ ጮኸ። አላነሳሁትም። ደግሞ ጮኸ።

አጋሮ ገባን። ግቢው ጋ ስንደርስ ሌላ ጣጣ፤ በሩ ጠባብ ነው፣ አይሱዙ አያስገባም። ከመንገድ ተሸክሞ ጭቃውን አቋርጦ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ የቡና ማድረቂያ አልጋ ተደርድሯል፤ ሰዉ ዝናቡ ቡናውን እንዳይመታው ፕላስቲክ ይዞ ይሯሯጣል። ማንም ቀና ብሎ አላየንም። እንጀራቸው እየበሰበሰ ማን እንግዳ ያያል?

ወርጄ በጭቃው ሮጥኩ። የመጀመሪያዋን ያገኘኋትን ሴትዮ ያዝኩ። ጠና ያለች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ የሸጎጠች፣ የፕላስቲክ ጫፍ በጥርሷ የነከሰች ሴት ናት። በኋላ አዴ ኩልሱም፣ እትዬ ኩልሱም እንደማለት ነው፣ እንደምትባል አወቅኩ።

«ማል ታቴ?» አለችኝ፣ ፕላስቲኩን ከአፏ አውጥታ። ምን ሆነሽ ነው?

ሰላም አላልኳትም፣ ስሜን አልነገርኳትም። «አዲሶቹ ተከራዮች ነን። ጅማ ጎረቤታችን ሞቶ የእድሩ ድንኳን በስህተት እኛ ዕቃ ላይ ተጭኗል። ሰዉ ዝናብ ላይ ነው። ዕቃውን አውርደን አሁን መመለስ አለብን።» በኦሮምኛም በአማርኛም ቀላቅዬ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ወደ አይሱዙው አየች። የድንኳኑን አረንጓዴ ጫፍ አየች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ወደ አጥሩ ዞራ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ኮታ! ኮታ! ነመቱ ዱኤ!» ኑ፣ ሰው ሞቷል!

እናንተዬ፣ ሰዉ ከየት መጣ? ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ «ወየው! ወየው!» እያለች ገባች። ጥቂት ካለቀሰች በኋላ ወደ አዴ ኩልሱም ጠጋ ብላ «ለመሆኑ ማነው የሞተው?» አለች።

«የጅማ ሰው ነው።»

«የማን ዘመድ?»

«የነሱ ጎረቤት ነው። እሱን ተይና ያንን ፍራሽ ያዢ!»

ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ፍራሹን ያዘች።

ጠዋት የነበረው ጫጫታ ተመልሶ መጣ፤ በሌሎች ሰዎች አፍ፣ በሌላ ቋንቋ። ቦት ጫማ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመዱን ይፈታል፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከታች ይቀበላል። «ቡፌው ውስጥ ሰው አለ እንዴ? ይሄን ያህል የሚከብደው!» «አንተ ስለማትሠራ ነው፣ ሰውነትህ የከበደህ!» ዕቃው በረንዳ ላይ ቦታ ሲያጣ አዴ ኩልሱም አንዱን የቡና አልጋ የሸፈነችበትን ፕላስቲክ ጎትታ ሳጥኖቻችን ላይ ጣለችው።

«ቡናው?» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት የተለቀመ ነው፣ ገና እርጥብ ነው። ያንቺ ልብስ ግን ደረቅ ነው።»

ከዛ እማዬን አየኋት። ጋቢና ተቀምጣ ቀርታለች ብዬ ነበር። የለም፤ አይሱዙው ጀርባ ጋ በዝናብ ቆማለች። የሚወርደውን ሁሉ በእጇ ነክታ ትለያለች። «ይሄ የኛ። ይሄ የእድሩ፣ እንዳይወርድ። ይሄ የእድሩ። ሳህኖቹን ተጠንቀቁላቸው፣ የእድሩ ናቸው።» ያንን ስትል ሰዎቹ ዕቃውን የሚይዙበት አያያዝ ተለወጠ፤ የእድሩን ሳህን እንደ እንቁላል ያዙት። የኛ የሆነው ወርዶ ሲያልቅ ዞሬ አየሁት። በረንዳው ላይ ያለው ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ። አይሱዙው ላይ የቀረው ይበልጣል። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ከማን ዕቃ ጋር እንደኖርኩ ያኔ ነው የገባኝ።

«በሉ ግቡ!» አለ ነዚፍ፣ ሞተሩን አስነስቶ።

እማዬ ገባች። እኔም ልገባ ስል ረጅሙና ወፍራሙ ሰውዬ ከኋላ፣ ከድስቶቹ መሐል፣ ድንኳኑ ላይ ተቀምጠዋል።

«እናንተ የት ልትሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ድንኳኑን ማን ይተክለዋል?» አለኝ ረጅሙ። «ሰዉ እስካሁን ደክሟል። ብረቱ ከባድ ነው።»

«እዛ ሰው አለ እኮ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው አለ።»

«አለ እንዴ?» አለ ወፍራሙ። «እንግዲያው ለቅሶ ደርሰን እንመለሳለን።» አልወረደም።

የመልስ መንገዱን አላስታውሰውም። ነዚፍ የተናገረውን ያህል በረረ፣ ያንን አስታውሳለሁ። ሄርማታ ስንደርስ ሰዉ በየጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግቶ ቆሟል፣ ሴቶቹ ጋሽ ታዬ ቤት ውስጥ ታጭቀዋል፣ ልቅሷቸው እስከ መንገዱ ይሰማል። አይሱዙው ገና ሳይቆም ሁለቱ ሰዎች ዘለው ወረዱ። ማንንም ሰላም አላሉም፣ ማን ዳኛ እንደሆነ አልጠየቁም። ብረቱን አወጡ፣ ተከሉ፣ ወጠሩ። ጋሽ መኩሪያ ጃንጥላቸውን ዘግተው እጃቸውን ሊሰጡ ሲሉ ወፍራሙ «አባቴ፣ እርስዎ ከዝናብ ይግቡ» ብሎ አስገባቸው።

ድንኳኑ ቆመ። ሰዉ ገባ። ከሰዓት ጋሽ ታዬ ሲወጣ ዝናቡ አላቆመም ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ተሸካሚው ይቀያየራል። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርስ ያ ባለ ቦት ጫማ ሰውዬ ትከሻውን አስገባ። ማንም አልጠራውም። እማዬ ክንዴን ጨመቀችው። እያየችው ሄደች፣ እስከ መጨረሻው።

አሁን ይህን የምጽፈው አጋሮ ሆኜ ነው። እማዬ ውጪ ከአዴ ኩልሱም ጋር በውኃ ወረፋ ትጨቃጨቃለች፤ ድምፃቸው እስከዚህ ይሰማል። የሚጣሉ ይመስላችኋል። አይደለም፣ ሁለቱም እንደዚህ ነው የሚያወሩት። አስሙ አልጠፋም። ቢሆንም ተጋድማ ትተኛለች፤ ለኔ ይሄ ብዙ ነው። የጅማውን እድር አልተወችም፣ በየወሩ ለስብሰባው ትሄዳለች፣ የአጋሮውም አባል ነች። እኔም ነኝ። በቤተሰብ ሳይሆን በራሴ ስም። መዝጋቢው «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ምን አጣደፈሽ?» ብሎኝ ነበር።

ተለውጫለሁ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ስብሰባው ሲረዝም አሁንም እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ «እሺ፣ ከዛስ?» ማለቴንም አልተውኩም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ቤት መቀየር ማለት መኪና፣ ገመድና ካርቶን ይመስለኝ ነበር። ካርቶኑን አሳምሬ ነበር ያሸግኩት፣ በላዩ ላይ ሁሉ ጽፌ ነበር፤ «ወጥ ቤት»፣ «ልብስ»፣ «ተሰባሪ»። እናንተም ወጣቶች የሆናችሁ፣ ሥራ አግኝታችሁ እናትና አባታችሁን ካረጀ ቤት ልታወጡ የምትጣደፉ፣ ተጣደፉ፣ ጥሩ ነው። ግን ሲያንገራግሩባችሁ እንደኔ «ግትር ናቸው» ብላችሁ አትለፉት። የሚፈሩት ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። የኔዋ እናት የፈራችው አጋሮን አልነበረም። ስትጮህ የሚመጣላት ሰው እንዳይጠፋ ነበር። እኔ ቤት ስፈልግ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ፀሐዩ ጠይቄ ነበር። እሱን ግን ማንንም አልጠየቅኩም።

እና የዛን ቀን፣ ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሆነን ጋሽ መኩሪያ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ልብሳቸው እርጥብ ነው። ሰዉ ንፍሮ ይዞ ሁሉም ይሰማል።

«የኔ ልጅ፣ አየሽ አይደል?» አሉኝ። «እናትሽ አስቴር ትቅርልን። የታዬ ጓሮ አንድ ክፍል አለ፣ ልጆቹን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ዕቃዋንም መልሶ የሚያመጣ መኪና ይሄው ቆሟል።»

እማዬ እኔን አየችኝ። እሺም እምቢም የሌለበት አስተያየት ነው፤ የምለውን እየጠበቀች ነው። ትንፋሿ ያፏጫል።

«ያኔ ቤቴ ስትመጡ ጠይቄሽ ዝም ብለሽኛል» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ ልጠይቅሽ። እዚያ እሷን ማን ይቀብራታል?»

ድንኳኑን ዞሬ አየሁት። ሁለቱ ሰዎች በሩ አካባቢ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ንፍሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያሉትን ስለማያውቁ እርስ በርሳቸው በቀስታ ያወራሉ።

«እነዚያ ናቸው ጋሼ፣ በሩ ጋ የተቀመጡት» አልኳቸው። «ስማቸውን እንኳ ገና አልጠየቅኳቸውም።»